የጽሑፍ ስርቆት የሚበድለው ማንን ነው?

መርካቶ በአፍሪካ ካሉት ክፍት ገበያዎች ሁሉ ትልቁ ነው የሚለው ቃል ከጎብኚዎች መምሪያ ወደ ጋዜጣ፣ ከጋዜጣ ወደ ተማሪ ቤት ድርሰት፣ ከዚያም ወደ ሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፍ መቅድም ሲሸጋገር ረጅም ዘመን ቆይቷል፤ ነገር ግን ትልቅነቱ በመሬት ስፋት ይሁን በነጋዴ ብዛት፣ በሚሸጠው ዕቃ ዋጋ ይሁን በየቀኑ በሚመላለሰው ሕዝብ ቍጥር፣ ማን በምን ዘመንና በምን መስፈሪያ ሰፍሮ እንደ ደረሰበት የሚነግረን ጸሓፊ ማግኘት ከባድ ነው። የናይጄሪያው የኦኒቻ ገበያና የቤኒኑ የዳንቶክፓ ገበያ አድናቂዎችም ለየገበያቸው ይህን የመሰለ ማዕረግ ሲሰጡ ይሰማል፤ ሦስቱን በአንድ ሚዛን ላይ አኑሮ ያመዛዘነ ሰው ስም ግን በጽሑፎቹ ግርጌ እምብዛም አይታይም። ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ በአንዋር መስጊድ በኩል ወደ ሰባተኛ የሚያልፍ መንገደኛም በግራና በቀኝ የተደረደሩትን ፎቆች ባየ ጊዜ «ክፍት» የሚለው ቅጽል ራሱ ለየትኛው ዘመን መርካቶ እንደሚስማማ መጠየቁ አይቀርም፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት በታቀደው የከተማ ፕላን መሠረት፣ ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ሲወሰድ የተቆረቆረው መርካቶና የዛሬው መርካቶ በስም እንጂ በመልክ አይገናኙምና።

የመርካቶ ክብር እንዲቀንስ የምሻ አይምሰላችሁ፤ ምናልባትም ቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ይህን ዓረፍተ ነገር ያነሣሁት ተማሪዎቻችንም፣ መምህሮቻቸውም፣ እኛ የጋዜጣ ሰዎችም ስለ ጽሑፍ ስርቆት የያዝነው አስተያየት ከሥሩ የተጣመመ መሆኑን ለማሳየት የሚመች ምሳሌ ስለ ሆነ ነው። ይህን ቃል ምንጩን ሳይጠቅስ በመቅድሙ የጻፈ ተማሪ ከማን ሰረቀ? ቃሉ የሁሉ ነውና ከሳሽ የለበትም፤ ባለቤት ስለሌለውም የተለመደው አስተያየት ተማሪውን ንጹሕ ነህ ብሎ ያሰናብተዋል። እኔ ግን በደሉ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል እላለሁ፤ ምክንያቱም የጽሑፍ ስርቆት ዋና ተበዳይ ቃሉ የተወሰደበት ደራሲ ሳይሆን፣ የተነገረውን ነገር ወደ ምንጩ ተመልሶ እንዳይመረምር መንገዱ የተቈረጠበት አንባቢ ነው። ይህ ከተያዘ ዘንድ፣ በዩኒቨርሲቲዎቻችን እንደ ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች የሚቈጠሩት የምንጭ አጠቃቀስና የሙግት አሠራር አንድ ትምህርት ሆነው ይገኛሉ።

ባለቤቱ የፈቀደው ስርቆት

ብዙ ሰው ነገሩን የሚመለከተው በንብረት ሕግ ዓይን ነው፤ ቃል ንብረት ነው፣ ንብረትም ባለቤት አለው፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ የወሰደም ሌባ ነው ይላል። አስተያየቱ መሠረት የለውም ለማለት አይቻልም፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ ሥነ ጥበብ ባለቤትነት የራሱን አንቀጾች መድቦ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ ነገሩን አስፍቶ ደንግጎታል። ነገር ግን ይህ ሕግ የሚጠብቀው ሐሳብ የተገለጸበትን ቃልና መልክ ነው እንጂ ሐሳቡን ራሱን አይደለም፤ የገንዘብ ጥቅሙም ጥበቃ ቢሆን ደራሲው ካረፈ ከ50 ዓመት በኋላ ያበቃል። እንግዲህ ከመቶ ዓመት በፊት ያለፈ የአንድ ሊቅ ሐሳብ በራሱ አነጋገር ለውጦ፣ ከራሱ ልብ እንደ መነጨ አድርጎ ያቀረበ ሰው፣ በፍርድ ቤት የሚከሰው ባይኖር በምሁራን ጉባኤ ፊት ግን በደለኛ ነው። ሕጉና የምሁራኑ ሥርዓት የሚጠብቁት ልዩ ልዩ ነገር መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

የንብረቱ አስተያየት ፈጽሞ የሚወድቀው ግን በሌላ ስፍራ ነው። በዩኒቨርሲቲዎች ደጃፍ በመብራት ምሰሶ ላይ የሚለጠፈውንና በቴሌግራም የሚዞረውን፣ ፕሮፖዛልና ሪሰርች «እናማክራለን» የሚለውን ማስታወቂያ ያላየ የአዲስ አበባ ነዋሪ ያለ አይመስለኝም። በዚህ ገበያ ጸሓፊው ወድዶና ፈቅዶ ይሸጣል፣ ተማሪውም ወድዶና ፈቅዶ ይገዛል፤ የተሸጠው ጽሑፍ አንድም የተቀዳ መስመር ላይኖርበት፣ ምንጮቹም ሁሉ በሥርዓት ተጠቅሰው ሊገኙ ይችላሉ። ያለ ፈቃዱ የተዘረፈ ባለቤት በዚህ ውስጥ የለም። ታዲያ ነውሩ ከየት መጣ ቢሉ፣ ዲግሪውን አይቶ ሥራ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ በጽሑፉ ተመርቶ ስለ ግብር ወይም ስለ ጤና የሚወስነው ሹም፣ በዚያም መሠረት ላይ የራሱን ጥናት የሚገነባው የቀጣዩ ዓመት ተማሪ፣ ይህን ነገር መርምሮ የደረሰበት እገሌ ነው ተብሎ የተነገራቸው ሁሉ ሐሰት ስለ ሆነ ነው። ባለቤቱ ቢፈቅድም አንባቢው አልፈቀደም።

የመቶኛው ጣዖት

ይህን የተጣመመ አስተያየት ካጸኑት ነገሮች አንዱ ተርኒቲንን የመሰለው የኮምፒውተር መመርመሪያ ነው፤ ወይም፣ ለመሣሪያው እንፍረድለትና፣ መሣሪያውን እንደ ዳኛ አድርገን መሾማችን ነው። መሣሪያው መቶኛውን ሲሰጥ የሚመለከተው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህ የቃላት ድርድር ቀደም ሲል በመዝገቤ ካለው ድርድር ጋር ይመሳሰላል ወይስ አይመሳሰልም። ጥሩ ጠቋሚ ነው፤ ነገር ግን የአዋጅ አንቀጾችን በሥርዓት ጠቅሶ የሚተነትነውን የሕግ ተማሪ በከፍተኛ መቶኛ ሲያስደነግጠው፣ የሌላውን ሐሳብ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መልሶ የራሱ ያደረገውን ግን ብዙ ጊዜ በሰላም ያሳልፈዋል። ተማሪዎቻችንም ይህን ዐውቀው ትጋታቸውን ሁሉ ወደ መቶኛው አዙረዋል፤ ጽሑፉ ምን አስረዳ መባሉ ቀርቶ ስንት ፐርሰንት ወጣልህ ሆነ ጥያቄው፤ መቶኛውን በክፍያ እናወርዳለን የሚሉ ሰዎችም ተነሥተው ቃልን በተመሳሳይ ቃል እየተኩ፣ ባለሙያ የማይናገረውን፣ ጤነኛ ሰውም የማይጽፈውን ዓይነት ቋንቋ ያመርታሉ። በቅርቡ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቶ ነገሩን እስከ መጨረሻው ገለጠው፤ ከማንም ያልተቀዳ አዲስ ዓረፍተ ነገር በቅጽበት ይጽፋል፤ በግርጌውም ያልተጻፈ መጽሐፍ፣ ያልታተመ መጽሔትና ያልነበረ ገጽ እንደ ምንጭ አድርጎ ሲጠቅስ ብዙ ጊዜ ተገኝቷል። የቃል ስርቆት መለኪያ ይህን ጽሑፍ ንጹሕ ይለዋል፤ የአንባቢ መብት መለኪያ ግን ገና በመጀመሪያው የግርጌ ማስታወሻ ይጥለዋል።

«ይህ የፈረንጅ ሥርዓት ነው» ለሚሉ

ከሚሰነዘሩት መከራከሪያዎች ሁሉ በትዕግሥት ሊሰማ የሚገባው፣ ምንጭን መጥቀስ ከአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የተቀዳ ልማድ ነው፣ የእኛ አባቶች ግን በቃል አጥንተው በቃል ያስተማሩ፣ ስማቸውንም በመጽሐፍ ላይ ለማኖር የማይሹ ትሑታን ነበሩ፣ ስለዚህ ተማሪው ያነበበውን እንዳለ ቢመልስ ከባህሉ የወረሰውን አደረገ እንጂ አልሰረቀም የሚለው ነው። ነገሩ ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ግን የቤተ ክርስቲያኑን የጉባኤ ቤት ሥርዓት በሩቁ ካየ ሰው የሚመጣ አስተያየት ነው። በንባብ ቤትና በዜማ ቤት ደቀ መዝሙሩ የተቀበለውን አንዲት ፊደል ወይም አንዲት ምልክት ሳያዛንፍ መመለስ ግዴታው ነው፤ እዚያ መለወጥ ጥፋት ነው። ያው ደቀ መዝሙር ወደ ቅኔ ቤት በገባ ጊዜ ግን ሕጉ ተገልብጦ ይጠብቀዋል፤ የቆጠረውን የራሱን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርመዋል፤ ለበዓል የሚቀርበው ቅኔ አዲስ ይሆን ዘንድ ይጠበቃልና የሰው ቅኔ ይዞ የሚቀርብ ሰው፣ ዐዋቂዎች በተቀመጡበት ማኅሌት ላይ ምን እንደሚገጥመው መናገር አያሻም። ከዚያ አልፎ መጽሐፍ ቤት የደረሰ ደግሞ ሦስተኛ ሕግ ያገኛል፤ የብሉያትና የሐዲሳት መተርጕማን ንባቡን አስቀድመው ያኖራሉ፣ ትርጓሜውን ይከተላሉ፣ «አንድም» እያሉ የተለያየውን ፍች ሁሉ ጎን ለጎን ያሰልፋሉ፤ የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባሉት የትርጓሜ ወገኖች ሊቃውንት የተለያዩበትንም ለይተው ያቆዩልናል። ንባቡ የቱ፣ የአበው ትርጓሜ የቱ፣ ተጨማሪው አስተያየት የቱ እንደ ሆነ ሰሚው ለይቶ እንዲያውቅ የሚያደርግ ይህ ሥርዓት፣ የግርጌ ማስታወሻ ሳይኖረው የግርጌ ማስታወሻን ሥራ ይሠራ ነበር። ቃልን መጠበቅ፣ ቃልን መውለድ፣ ቃልን መመስከር ሦስት ልዩ ልዩ ተግባራት መሆናቸውን አባቶቻችን ካወቁ፣ እኛ ዛሬ ሦስቱን ደባልቀን ባህላችን ነው ብንል በባህሉ ላይ መዋሸታችን ነው።

ለማስረጃ የሚበቃ ታላቅ መጽሐፍ አለ። በ1948 ዓ.ም. የታተመው «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፍ ተብሎ ይታወቃል፤ ሥራውን የጀመሩት ግን መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው፤ እኒህ መምህር ኢጣልያዊው ሊቅ ኢግናሲዮ ጉይዲ በሮም የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጅ የረዱት ሰው ናቸው። ኪዳነ ወልድ የመምህራቸውን ጅምር ተቀብለው ዕድሜያቸውን ሲያፈስሱበት ኖሩ፤ መጽሐፉ ሳይታተም እርሳቸውም አረፉ፤ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ከፍጻሜ አድርሰው ባሳተሙት ጊዜ፣ ሦስተኛው ሠራተኛ ራሳቸው ሆነው ሳሉ በመምህራቸው ስም እንዲጠራ አደረጉት፤ በራሳቸው ስም የሚታወቀው የአማርኛ መዝገበ ቃላታቸው የወጣው ከዚያ በኋላ በ1962 ዓ.ም. ነው። ኪዳነ ወልድ ካረፉ ዓመታት አልፈው ነበርና ደስታ ተክለ ወልድ ስሙን ቢለውጡት ኖሮ ማን ይከሳቸው ነበር? መቶኛ የሚቈጥር መሣሪያ አልነበረም፤ የነበረው የመምህርን ስም ማጥፋት ነውር መሆኑን የሚያውቅ ኅሊና ነው። የዚህ ታማኝነት ተጠቃሚም ዛሬ መዝገበ ቃላቱን የሚገልጥ አንባቢ ነው፤ የሚያነበው ፍች በማን እጅ እንዳለፈ ዐውቆ ይመዝነዋልና።

ምንጭ ሲጠፋ ሙግትም ይጠፋል

በኅዳር 2017 ዓ.ም. የደረሰኝ ቍጥጥር ጠብቆ በመርካቶ ብዙ ሱቆች ተዘግተው በነበረ ጊዜ ከቸርቻሪው ይሰማ የነበረው እሮሮ፣ አስመጪውና ጅምላ ሻጩ ደረሰኝ ሳይሰጡኝ እኔ ለገዢዬ ከየት አምጥቼ ልስጥ የሚል ነበር። የመንግሥትንና የነጋዴውን ክርክር ለባለ ጉዳዮቹ እተዋለሁ፤ ነገር ግን በጥናት ጽሑፎቻችን ላይ የደረሰው ነገር ይኸው ነው። የመጀመሪያው ጸሓፊ ያለ ማስረጃ ይጽፋል፤ ሁለተኛው ከእርሱ ይቀበልና ስሙን ሳይጠራ ያልፋል፤ ሦስተኛው ሁለተኛውን ይጠቅሳል፤ አራተኛው ሁለተኛውን ሳያይ ከሦስተኛው ግርጌ ገልብጦ ሁለተኛውን እንዳነበበ ሰው ሆኖ ይጠቅሳል፤ ጥርጣሬ የገባው አምስተኛው ሰው ወደ ኋላ ልመለስ ቢል ሰንሰለቱ ተበጥሶ ያገኘዋል። በመካከሉ የነበረው ግምት በብዙ አፍ ስለ ተነገረ ብቻ እውነት ተብሎ ተሹሟል። ከሁሉ የምጸየፈው ያን ያላዩትን መጽሐፍ እንዳዩት አድርጎ መጥቀስን ነው፤ በመልኩ ትጋት ይመስላል፣ በባሕርዩ ግን የሐሰት ምስክርነት ነው፤ በጥንቱ ሙግታችን ቢሆን ተሟጋቹ የባላጋራውን ምስክር ይነቅፍ ዘንድ መብት ነበረውና፣ ያላየውን አየሁ የሚል እማኝ በአደባባይ ይዋረድ ነበር።

ምንጭ ከተገኘም በኋላ ሥራው ገና መጀመሩ ነው። በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ መጠይቅ ይዞ ሱቅ ለሱቅ የዞረ አንድ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ አብዛኞቹ ነጋዴዎች ግብሩ ከብዶናል ብለው ሞልተው መለሱለት እንበል፤ እርሱም በመደምደሚያው የግብሩ መጣኔ ከፍተኛ ስለ ሆነ ይቀነስ ብሎ ጻፈ። አንዲት ቃል አልሰረቀም፤ ሙግቱ ግን አልቆመም። ማስረጃው የሚያሳየው ነጋዴዎቹ እንደዚያ ማለታቸውን ነው፤ ግብር ከፋይ ግብር ቀላል ነው ሲል የተሰማበት አገር ደግሞ ብዙም የለም። ካሉት ወደ ሆነው ለመሻገር ድልድይ ያስፈልገዋል፤ የተከፈለውን ግብር ከተገኘው ትርፍ ጋር ማነጻጸር፣ በግምት የሚከፍሉትን በሒሳብ መዝገብ ከሚከፍሉት መለየት፣ ክብደቱ ከመጣኔው ይሁን ከአሰባሰቡ መመርመር ይኖርበታል። ይህን ድልድይ ሳይሠራ የተሻገረ ተማሪ በአንባቢው ላይ ያደረገው ምንጩን ከደበቀው ተማሪ እምብዛም የተለየ አይደለም፤ ሁለቱም መርምር የሚሉትን ትተው እመነኝ ብለውታልና።

በፍልስፍና መጽሐፉ በሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ ደራሲነት ላይ የተነሣው ክርክር ለዚህ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ካፑቺኑ ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ መጽሐፉን ለፈረንሳዊው ተጓዥ ለአንቷን ዳባዲ ካስተላለፈ በኋላ፣ ከአውሮፓ ሊቃውንት ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1920፣ ኦይገን ሚትቮኽም በ1934፣ ደራሲው የ17ኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያዊ ሳይሆን ራሱ ጁስቶ ነው ብለው ተከራከሩ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተማረው ካናዳዊው ክላውድ ሳምነር ደግሞ ኢትዮጵያዊነቱን ለማስረዳት ብዙ ቅጽ ጻፈ። ክርክሩ ዛሬም አላበቃም፤ እኔም እዚህ ላይ ፈራጅ ልሁን አልልም። ነገር ግን ከሁለቱም ወገን የሚሰማውን ስንመዝን፣ ኢትዮጵያዊ እንዲህ ያለ ፍልስፍና ሊጽፍ አይችልም የሚለው ትዕቢት ሙግት አይደለም፤ የአገራችን መመኪያ ነውና አይነካ የሚለው ቍጣም ሙግት አይደለም። ሙግት የሚሆነው የግዕዙን ባሕርይ፣ ከመጻሕፍት የተጠቀሱትን ቃላት፣ የብራናውን ታሪክና የጁስቶን ደብዳቤዎች አንባቢው ራሱ ሊያያቸው በሚችልበት ስፍራ አኑሮ፣ ከእያንዳንዱ ምን እንደሚከተልና ምን እንደማይከተል ለይቶ ማሳየት ነው። የተሸነፈውም ወገን ቢሆን ምንጩን እስከ ገለጠ ድረስ ዕውቀትን አገልግሏል።

አንድ መከራከሪያ ግን ይቀራል፤ እርሱንም በቀላሉ አልጥለውም። ተማሪዎቻችን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፋቸውንም በአመዛኙ በዚያው ይጽፋሉ። አፉን ባልፈታበት ቋንቋ የሊቁን አንቀጽ በራስህ አነጋገር ግለጠው የተባለ ወጣት፣ ሐሳቡን ቢረዳው እንኳ ሌላ ቃል አያገኝምና የሊቁን ቃል ይዞ ይቀራል፤ ይህን ሰው ከዲግሪ ገዢው ጋር በአንድ ስም መጥራት ግፍ ነው። ቅጣቱ ይቅለልለት፤ ሥርዓቱ ግን አይነሣለት። መጽሐፉን ከድኖ፣ የተረዳውን አስቀድሞ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይጻፍ፤ ቀጥሎ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፤ መጨረሻ መጽሐፉን ገልጦ ያስተያይ፤ ያን ጊዜ የሊቁ የሆነውን ለሊቁ ይመልሳል፣ የራሱ የሆነም ካለ ያያል። በራሱ ቋንቋ ሁለት መስመር መጻፍ ካቃተው ደግሞ ችግሩ የእንግሊዝኛ አይደለም፤ ያነበበው ነገር ገና አልገባውም።

ስለዚህ ልመናዬ ከተማሪው ይልቅ ወደ አማካሪውና ወደ ፈታኙ ነው፤ ማስታወቂያ ለጣፊውም፣ መቶኛ አውራጁም ገበያ የሚያገኙት እኛ የማንጠይቀውን ስለሚያውቁ ነውና። በሚቀጥለው የመመረቂያ ፈተና፣ የተመሳሳይነቱን መቶኛ ወደ ጎን አድርጋችሁ፣ ከጽሑፉ መካከል አንዲት ዓረፍተ ነገር ምረጡና ይህን ከየት አገኘኸው፣ ምንጩን በዓይንህ አይተኸዋልን፣ ከዚህስ ይህ መደምደሚያ ስለምን ይከተላል ብላችሁ ጠይቁት፤ መልስ ካላገኛችሁ መቶኛው ዜሮ ቢሆን እንኳ ፊርማችሁን አታኑሩበት።